ጂኦግራፊንና የጥንቱን ሰው ታሪክ ለማስተማር ከኢንተርኔት ምን እንጠቀም? (ለከተማ ዳር ትምህርት ቤቶች)

መምህር ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የታሪክ መምህር ሲጎድል ታሪኩንም እይዛለሁ። አሁን ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙበት ቦታ ደርሰናል፤ ስምጥ ሸለቆና የሰው ልጅ አመጣጥ።

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ካርታዎቹ ፎቶ ኮፒ ሲደረጉ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የሌለ ነገር የለም፤ ችግሩ መብዛቱ ነው። ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ያዩትን ይዘው ይመጣሉ። "ቲቸር፣ የግዙፍ ሰዎች አጽም ተገኘ የሚሉት እውነት ነው?" ይሉኛል። ያ ምስል በኮምፒውተር የተቀናበረ መሆኑን ማስረዳት ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላል።

የምፈልገው ዳታ የማይጨርስ፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ልጆቹ በዓይናቸው ከሚያውቁት መሬት የሚነሳ ቢሆን ደስ ይለኛል። ባዶ እጄን እንዳልመጣ የምጠቀምበትን ልንገራችሁ።

ጉግል ኧርዝን ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን (ፕሮ የሚባለውን) እጠቀማለሁ። ነጻ ነው። እቤት ኔትወርክ ሲኖር የምፈልጋቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ያየሁትን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ክፍል ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ከዚያ ዝቋላን አሳያቸዋለሁ። ሰማዩ ሲጠራ ከእኛ ሰፈር ይታያል፤ ሁሉም ያውቁታል። "ዝቋላ እሳተ ገሞራ ነበር" ስላቸው ግን የመጽሐፍ ወሬ ይመስላቸዋል። ከላይ ሆነው አናቱ ላይ ያለውን ክብ ሐይቅ ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀጥሎ ወደ ቢሾፍቱ እወስዳቸዋለሁ። ሆራና ባቦጋያ ከላይ ሲታዩ ለምን ክብ እንደሆኑ ማንም ሳይነግራቸው ይጠይቃሉ።

ሌላው ከእንጦጦ በቆቃ በኩል አፋር እስካለው ሐዳር መስመር ማስመር ነው። ፕሮግራሙ የመስመሩን ከፍታና ዝቅታ በግራፍ ያወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ፣ በቆቃ በኩል 1,600 ገደማ ላይ ወርዶ፣ አፋር ሲደርስ ቁልቁል ይሄዳል። ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ታች ነው። የመሬቱ መውረድና የአጽሞቹ መገኘት ምን አገናኘው? ትምህርቱን የምጀምረው በዚህች ጥያቄ ነው።

እናንተስ ምን ትጠቀማላችሁ?


ኮምፒውተር ቤት፣ ለገጣፎ

መምህር እጅ ነስቻለሁ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው፤ ስለዚህ ችግሩን አውቀዋለሁ።

ኪዊክስ የሚባል አፕ አለ። ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነው። ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የእንግሊዝኛው ሙሉው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ያንን አትሞክሩት። በርዕስ የተቀነሱና ሥዕል የሌላቸው ትንንሾቹ ይበቃሉ። የአማርኛው በጣም ቀላል ነው፤ ጽሑፎቹ ግን ጥቂትና አጫጭር ስለሆኑ በእሱ ብቻ አትተማመኑ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የአንድሮይዱ ኪዊክስ ስልኩን እንደ ትንሽ ሰርቨር ያደርገዋል። መምህሩ ሆትስፖት ይከፍታል፣ አፑ ላይ ያወረደውን ዊኪፔዲያ ያጋራል፣ ልጆቹ ዋይፋዩን ተያይዘው በራሳቸው ስልክ ያነባሉ። አንድ ሜጋባይት ዳታ አይሄድም። መብራት ቢጠፋም የስልክ ባትሪ እስካለ ይሠራል። ሁሉም ልጅ ስልክ ባይኖረው ለሦስት ለአራት አንድ ይበቃል።

የትምህርት ሚኒስቴርን መጽሐፎች ፒዲኤፍ በተመለከተ፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት አንዳንዶቹ የአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት ናቸው። ከማባዛታችሁ በፊት ሽፋኑንና የታተመበትን ዓመት እዩ።


የምድር ሳይንስ ተማሪ

መምህር፣ ለጥያቄዎ የእኔ መልስ ይኸውና። መሬት ሲሰነጠቅ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ሐይቅና ወንዝ ይይዛል፤ ደለሉ አጽሙን ቶሎ ይቀብረዋል። ሁለተኛ፣ እሳተ ገሞራው አመድ ያነጥፋል፤ የአጽሙ ዕድሜ የሚታወቀውም በዚያ አመድ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ስንጥቅና የጎርፍ መሸርሸር የተቀበረውን መልሶ ያወጣዋል። አፋር ላይ ሦስት የምድር ንጣፎች ይለያያሉ፤ የኑቢያ፣ የሶማሌና የዓረብ። ለዚህ ነው ያ አካባቢ ለቅሪተ አካል ፈላጊዎች እንዲህ የተመቸው።

ልጆቹ በሰውነታቸው የሚያስታውሱትን ነገር መነሻ ማድረግ ከፈለጉ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጡን ያንሱ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖር ልጅ አልጋው ሲወዛወዝ ያስታውሳል። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም፣ ዩኤስጂኤስ፣ የዓለም የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ በነጻ አስቀምጧል። ቀኑን ትመርጣለህ፣ ካርታው ላይ አካባቢውን ታጥራለህ፣ ነጥቦቹ ይመጣሉ። ገጹ ቀላል ነው፤ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይከፈታል። ነጥቦቹ በስምጥ ሸለቆው መስመር ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰድረው ሲታዩ የንጣፍ ድንበር ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከዚያ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ ላይ የሆነውን ይንገሯቸው። አፋር ውስጥ በጥቂት ሳምንታት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መሬት ተከፈተ፤ የሰፋበት ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። የሳተላይት ምስሎቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ፌስቡክ ላይ "ድንቅነሽ የመጀመሪያዋ ሰው" የሚል ጽሑፍ በየዓመቱ ይዞራል። ትክክል አይደለም። ድንቅነሽ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ የሚባል ዝርያ ናት፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አፋር ውስጥ አራሚስ የተገኘችው ሌላዋ ጥንታዊ አጽም፣ አርዲ፣ በ4.4 ሚሊዮን ትቀድማታለች። የእኛ ዝርያ፣ ሆሞ ሳፒየንስ፣ የመጣው ከሁለቱም እጅግ ዘግይቶ ነው። ልጆች ይህን ካልለዩ ሌላው ሁሉ ይደበላለቅባቸዋል።


እናት ከኮዬ ፈጬ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት መጥታ "እማ፣ አዳምና ሔዋን ከድንቅነሽ በፊት ናቸው በኋላ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እኛ ቤት ጾም ጸሎት ያለበት ቤት ነው። ትምህርቷንም እንድትንቅ አልፈልግም፤ እምነቷንም እንድትጥል አልፈልግም። ኢንተርኔት ላይ ስገባ ደግሞ አንዱ ሳይንሱን ይሳደባል፣ ሌላው ሃይማኖቱን ይሳደባል። ስድብ የሌለበት ቦታ ካለ ጠቁሙኝ።


መምህር ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። ክፍሌ ውስጥ መስቀል ያሰረ አለ፣ ሒጃብ የለበሰች አለች፣ ጴንጤም አለ። በማንም እምነት ላይ አልናገርም። የማስተምረው ምን ተገኘ፣ የት ተገኘ፣ ዕድሜው በምን ታወቀ የሚለውን ነው። ፈተናውም የሚጠይቃት ይህንን ነው። የእምነቱን ጥያቄ ከአንቺና ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገርበት ተገቢ ነው፤ ለእሱ እኔ የተሾምኩ አይደለሁም።

ደግሞ "ሰው ከዝንጀሮ መጣ" የሚለውን ሳይንሱ ራሱ አይልም። ሳይንሱ የሚለው ዛሬ ካሉት ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ጋር የሩቅ ጥንት የጋራ ዘር አለን ነው። ይህን ብቻ ማስተካከል ክፍሉ ውስጥ ያለውን ግማሹን ጭቅጭቅ ያበርደዋል።

ስድብ የሌለበት ቦታ ላልሽው፣ የአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የከፈተው ገጽ አለ። እንግሊዝኛ ነው፣ ግን ቋንቋው ቀላል ነው። የራስ ቅሎቹን በጣትሽ እያዞርሽ ከሁሉም ጎን ታያለሽ። ሃይማኖትና ሳይንስን እንዴት አብሮ መወያየት እንደሚቻል የሚያነሳ ክፍልም አለው። ከልጅሽ ጋር ቁጭ ብለሽ እዪው። የሚቸግር ቃል ሲገጥማችሁ እሷ ትተርጉምልሽ፤ ለእሷም ጥናት ይሆናታል።


ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሰበታ

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ታሪክ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እናንተ አፋር አፋር ስትሉ ደጃችን ያለውን የጥንት ሰው ቦታ አለፋችሁት። መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ነው! በዓለም ገና ወጥታችሁ የቡታጅራን መንገድ ይዛችሁ ነው። አዋሽ ዳር። በ2016 ዓ.ም. አቅራቢያው ካለው ባልጭት ከሚባለው ቦታ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። ከዚያ ፈረንሳዩ ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቆፈረ፤ በኋላ የጣልያን ቡድን ተረከበው። ከዛሬ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው የኖረበት ነው። ከፍታው 2,000 ሜትር ይደርሳል። አስቡት፣ የጥንት ሰው ቆላ ብቻ ነበር የሚኖረው ለሚል የእኛው ደጋ መልስ አለው። ጋርባ በሚባለው ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው፤ የሆሞ ኢሬክተስ (ከእኛ ዝርያ የቀደመ ጥንታዊ ሰው) ነው ሲሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመዋል። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ አለ። የትልልቆችም የሕፃናትም እግር፤ ጭቃው ላይ ከእንስሳት ኮቴ ጋር።

ባልጩቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጥቁር ብርጭቆ የመሰለው ድንጋይ ነው፤ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የእሳተ ገሞራው ቅላጭ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። የመልካ ቁንጥሬ ሰዎች ከዛሬ 1 ሚሊዮን ዓመት ቀደም ብለው ጀምረው መሣሪያ ሠርተውበታል። ሲምቢሮ ላይ የተገኘው የባልጩት መጥረቢያ መሥሪያ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ይህ ልማድ ደግሞ በጣም የራቀ አይደለም። ኮንሶ ውስጥ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ሴቶች በእኛ ዘመንም አሉ፤ ቪዲዮዎቹንም አጥኚዎች ኢንተርኔት ላይ ጭነዋቸዋል። እነዚያን ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ። ድንጋዩ እጅ ላይ ሲሠራ ሲያዩ የሙዚየም ዕቃ መሆኑ ይቀርና የሰው ሥራ ይሆንላቸዋል።

ቦታው ድረስ ከሄዳችሁ ትንሽ ሙዚየም አለ። አዳዲ ማርያምም ቅርብ ናት፣ ከአለት የተፈለፈለች። ገፋ ካላችሁ ጢያ አለ። ልጆቹ ግን አንዲት ስንጣሪ ድንጋይ እንኳ እንዳያነሱ አጥብቃችሁ ንገሩ። ድንጋዩ ከወደቀበት ቦታ ከተነሳ ለተመራማሪ የሚናገረው ነገር የለውም።


አዲስ መምህርት፣ ቡራዩ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። መልካ ቁንጥሬ እንዲህ ቅርብ መሆኑን ተማሪዎቼ አያውቁም።

እኔ ማስተማር የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ፕሮጀክተር የለንም። አንድ ላፕቶፕ ነው ያለው፣ እሱም የእኔ። ለብዙ ልጅ አንድ ስክሪን ማሳየት አይቻልም። በአራት በአራት ጠርቼ አሳያለሁ፤ የቀሩት በደብተራቸው ሌላ ሥራ ይሠራሉ።

በጣም የሠራልኝ የጉግል ኧርዝ ታይምላፕስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያሉት የሳተላይት ምስሎች እንደ ፊልም ይሄዳሉ። የራሳችንን ሰፈር ከፈትኩ። መጀመሪያ እርሻ ነው፣ ከዚያ ቆርቆሮ እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል፣ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ ሁሉም ቤት ይሆናል። አንዷ ተማሪ "ይሄ የአያቴ የጤፍ ማሳ ነበር" ብላ ስክሪኑን በጣቷ ነካች። የከተማ መስፋፋት የሚለውን ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ማብራራት አላስቸገረኝም። የመሬት ጥያቄ ግን በእኛ አካባቢ ቤተሰብን የነካ ነገር ነው። ልጆቹ እንዲናገሩ ፈቀድኩላቸው እንጂ እኔ ማንንም አልጠየቅኩም።

ሌላው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል ካርታ። በከተማው ዳር ያሉ ሰፈሮች ገና በደንብ አልተሞሉም። ተማሪዎቼ የወንዙን ድልድይ፣ የጤና ጣቢያውን፣ የወፍጮ ቤቱን ቦታ በወረቀት ላይ ሠርተው ያመጣሉ። ትክክለኛነቱን አረጋግጠን አብረን እናስገባለን። የሰው ስምና የግል ቤት አንጽፍም። ካርታውን ኦፍላይን የሚከፍቱ አፖች አሉ፤ ኦርጋኒክ ማፕስ አንዱ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ያስገቡትን ድልድይ ስልካቸው ላይ ሲያገኙት ደስታቸውን ብታዩ!

ጥያቄ አለኝ። ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር እንዴት ነው የምታስረዱት? ለእነሱ 3 ሚሊዮንም 200,000ም ያው "ድሮ" ነው።


ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሰበታ

ልጄ፣ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም። አምስት ሜትር ሲባጎ ግዢ። አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህ ዓመት ይሁን። አንደኛው ጫፍ ዛሬ ነው። 4 ሜትር ከ40 ላይ አርዲን እሰሪ። 3 ሜትር ከ20 ላይ ድንቅነሽን። 2 ሜትር ከ60 ላይ አፋር ውስጥ ጎና የተገኙትን የድንጋይ መሣሪያዎች፤ እነ ስለሺ ሰማው ያጠኗቸውን። 2 ሜትር ላይ መልካ ቁንጥሬን። 70 ሳንቲ ሜትር ላይ የጎምቦሬን የእግር ዱካ። የእኛው ዝርያ፣ በደቡብ ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ሰው፣ 23 ሳንቲ ሜትር ላይ ይመጣል፣ አፋር ሄርቶ የተገኘው 16 ላይ። ከዚያ አክሱምን የት እናስረው በያቸው። ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ላሊበላ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ዓድዋ በዓይን አይታይም።

ገመዱን ግድግዳው ላይ ተይው። አዲስ ነገር በተማሩ ቁጥር ራሳቸው ይሰሩበታል።


የምድር ሳይንስ ተማሪ

ጋሼ፣ ይህን ገመድ እኔም ጁኒየሮችን ሳግዝ እጠቀምበታለሁ። በርስዎ ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር። የኦሞ ኪቢሹ ቁጥር የተለወጠ ቁጥር ነው፤ ለልጆች መንገሩ ይጠቅማል። አጽሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በ2005 የታተመው ጥናት 195,000 ዓመት ሰጠው። በ2022 የወጣው ደግሞ ቢያንስ 233,000 ነው አለ። አጽሙ አልተለወጠም። የተለወጠው በላዩ ያለው አመድ ከየትኛው እሳተ ገሞራ እንደመጣ መታወቁ ነው። ከሻላ ነው! ልጆቹ የሐይቅ ስም አድርገው የሸመደዱት ሻላ። ጉግል ኧርዝ ላይ ሻላንና ኦሞን ያግኙና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ራሳቸው ይለኩት። አመዱ ያን ያህል ተጉዟል ማለት ነው።

ደግሞ ሚዛናዊ እንሁን። ሞሮኮ ጀበል ኢሩድ የተገኙት 300,000 ዓመት ገደማ ናቸው። ኬንያ ሎሜክዊ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተዘግበዋል። ልጆቻችን በአገራቸው መኩራታቸው ጥሩ ነው። ታሪኩ ግን የመላው አፍሪካ ነው፤ ወደ ውጭ ሄደው ሲማሩ እንዳይደናገጡ ከአሁኑ ይወቁት።


እናት ከኮዬ ፈጬ

መምህር፣ ከልጄ ጋር አየነው። የራስ ቅሉን እያዞረች "እማ፣ ጥርሱን እዪው" እያለች አመሸች። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን ይህ ሁሉ በስክሪን ከሚሆን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ብትወስዷቸው አይሻልም?


መምህር ከቱሉ ዲምቱ

ይሻላል እህቴ። ችግሩ የትራንስፖርቱ ወጪ ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ላይ ይከብዳል። እስከዚያ ግን አንድ ነገር እወቂ። ሙዚየሙ ውስጥ ለጎብኚ የሚታየው የድንቅነሽ ቅጂ ነው፤ ዋናው አጽም ለደኅንነቱ ተለይቶ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የጉልበቷና የትከሻዋ አጥንቶች ሦስት አውታር ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ተለቋል፤ አሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤክስሬይ ካነሱት ላይ፣ በሙዚየማችን ፈቃድ። ጉልበቱን ዘወር አድርጎ ያየ ተማሪ በሁለት እግር ትሄድ እንደነበር ከአጥንቱ ያነባል። ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ስለምታያት ያን ያህል አትቀርባትም። ስለዚህ መጀመሪያ በስክሪን፣ ከዚያ በአካል። አይተው የሚሄዱ ልጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ነው።

የዚያኑ ጊዜ የቴክሳሶቹ ተመራማሪዎች ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው ብለው ጻፉ። እሷን ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌሎች አልተቀበሉትም፤ ስብራቱ ከሞተች በኋላ መሬት ውስጥም ሊመጣ ይችላል አሉ። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ አከራክራቸዋለሁ። ማስረጃ ያላመጣ ወገን አይናገርም።

አዲሷ መምህርት፣ የቡራዩዋ፦ ካርታ የማስገባቱን ሥራ ልጆቹ ከወረቀት ጀምረው እንዴት እንደሚሠሩት ብትጽፊልን ለእኛም ይሆናል። ጋሼ፣ መልካ ቁንጥሬ ለመሄድ ፈቃድና አስጎብኚ በኩል ማንን እንደምናነጋግር የሚያውቁ ከሆነ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ሆነን አንድ አውቶቡስ ብንጋራ ለየአንዳንዱ ልጅ ወጪው ይቀንሳል።


ኮምፒውተር ቤት፣ ለገጣፎ

እዚህ የተባለውን በሙሉ አንድ ላይ ሰብስቤዋለሁ፤ ኪዊክሱን፣ የአካባቢያችንን ኦፍላይን ካርታና የጉግል ኧርዝ መጫኛውን። ፍላሽ ይዞ ለሚመጣ መምህር በነጻ እገለብጣለሁ። 32 ጊጋ ይበቃል። ከመምጣታችሁ በፊት ፍላሹን ፎርማት አድርጉት፤ ቫይረስ እንዳይዞር። እሑድ ዝግ ነኝ።